አስራ አንደኛዋ አበባ

ሰው ከአገሩ የሚወጣው በሌሊት ነው ይባላል። ከእኛ ሰፈር የወጡት ሁሉ ታሪካቸውን ሲጀምሩ ጨለማውን፣ የውሻውን ጩኸት፣ ቀስ ተብሎ የተዘጋውን በር ያነሳሉ። እኔ ግን የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ነው። ሰዓቱንም የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ልጄ ሒክማ ያኔ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነበር፤ ኬጂ ከገባች ገና ወሯ ነው፤ የሚለቋቸው ደግሞ በስድስት ተኩል ነው። ካየኋት እንደማልሄድ ስለማውቅ እሷ ሳትመጣ ልውጣ ብዬ ወሰንኩ። ጥሩ አደረግሁ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ የሆነው እንደዚህ ስለሆነ ነው።

መነኻሪያ የሸኘችኝ እናቴ ናት። ጠዋት ጭሮን የሸፈናት ጉም ተነስቶ ተራሮቹ ከታች እስከ ላይ ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። እናቴ በፌስታል ፈጢራ ይዛልኛለች፤ እጄን አልያዘችም፣ ፌስታሉን እንጂ። አባዱላው ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው፣ "ካለቀስሽ እዚሁ አልቅሺ፤ መኪና ውስጥ የሰው ፊት ነው" አለችኝ። አላለቀስኩም። "ልጅቷን ለእኔ ተያት፣ አንቺ መንገድሽን እዪ" አለችና ወደ ኬጂው አቅጣጫ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። ሒክማ እንዳትጠብቅ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ በኋላ ይመጣል። ሒክማ እናቴን "እማ" ነው የምትላት፣ እኔን ደግሞ "ነጂማ"። እኔ እናቴን እማ ስላት ሰማች፣ እናቴ እኔን ነጂማ ስትለኝ ሰማች፣ እሱኑ ያዘች። አያቱ ቤት ያደገ ልጅ ስንቱ እንደዚህ ነው፤ ነውር የሚለው የለም፣ እኔንም ያስቀኝ ነበር። አባቷ ሳትወለድ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አባዱላው ቁልቁለቱን ወርዶ ሚኤሶ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊታችንን መታን። ሴቶች የግመል ወተት ይዘው መኪናውን ከበቡት። አንድ ኩባያ ጠጣሁ። አፌን ስጠርግ እጄ ሸተተኝ፤ የጫት ቅጠል ሽታ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ሥራ ለቅቄ፣ በሳሙና አሽቼ፣ ያም ሆኖ አልለቀቀም። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ተኩል አልፏል። ገብታለች ማለት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ እስከ አዋሽ የነበረውን መንገድ አላስታውስም።

እጄ ለምን ጫት እንደሸተተ ልንገራችሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት አዴ ዘይነባ ግቢ ነው። በእኛ አካባቢ ከበድ ላለች ሴት "አዴ" እንላለን። ከገለምሶና ከበደሳ የሚመጣውን ጫት ተቀብለው፣ አስለቅመው፣ አሳስረው ለነጋዴ የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። በረንዳቸው ላይ አስር አስራ ሁለት ሆነን እግራችንን ዘርግተን እንቀመጣለን። ለጋውን ከጠንካራው እንለያለን፣ የታችኛውን ቅጠል በአውራ ጣት ጥፍር እንልጣለን፣ ጫፍ ለጫፍ አስተካክለን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን በልጥ እናስራለን፤ የታሰረውን አንድ ጥቅል ዙርባ እንለዋለን። ከዚያ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ጫት ቀጠሮ አያከብርም፤ ዛሬ የተቆረጠው ዛሬ ካልደረሰ ነገ ገራባ ነው፣ ፍየል የሚበላው።

ላይ ላዩን ለጋ አድርጎ መሐሉን ገራባ የሚሞላ ሞልቷል። አዴ ዘይነባ ጋ አይሞከርም። ከተከመረው መሐል አንድ ዙርባ ይመዙና ፊታችን ይፈቱታል። እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በሚናገሩት አማርኛቸው፣ "ነጂማ፣ የሚገዛሽ ሰው ቤቱ ሄዶ ነው የሚፈታ። አንቺ እዚያ የለሽም። ሲሰድብሽ ማን ይመልስልሻል?" ይላሉ። ሌላም ነገር አላቸው፤ ታስሮ ካለቀ በኋላ በላዩ ላይ አንዲት ዘለላ መጨመር አለባት፣ ምርቃት። ገዢው ሳይለምን ነው የምትጨመረው። አንድ ቀን ቸኩዬ ብረሳት፣ አስራ ሰባቱንም ዙርባ መልሰው አስፈትተውኛል።

በቤት ሠራተኝነት በሄድኩበት ዐረብ አገር ሁለት ዓመት ከማዳም ቤት ግድግዳ ሌላ ያየሁት ነገር ስለሌለ የማወራላችሁ የለኝም። ከዚያ በበጋ ማዳም ሙቀት ሸሽታ ቤተሰቧን ይዛ ሆላንድ ስትመጣ እኔንም ከሻንጣው ጋር ይዛኝ መጣች። አንድ ቀን ገበያ መሐል ሰባት ቦርሳ ዕቃ አስይዛኝ ሌላ ሱቅ ገባች። መንገዱ ክፍት ነው፣ ማንም አላየኝም። እግሬ ሊሄድ ይላል፣ እጄ ግን የሰው ዕቃ ይዟል፤ አማና ነው። ለሱቁ ጥበቃ ሰባቱንም አንድ በአንድ አስረከብኩና ማዳምን በጣቴ አሳየሁት። ከዚያ ነው የሄድኩት። ፖሊስ ጣቢያ በስልክ አስተርጓሚ አገናኝተውኝ ፖሊሱ "ከማን ነው የሸሸሽው?" ቢለኝ፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ዕቃው ለባለቤቱ መድረሱን ጠይቅልኝ" አልኩት። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ካምፕ ውስጥ ያሳለፍኩትን ጊዜ የቀመሰው ያውቀዋል፤ ላልቀመሰው ደግሞ ብነግረውም አይገባውም። ወረቀት ሳገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ሪያ የሚባሉ አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ግን በሰዓት ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት ወጥ ቤት አገኙኝና፦

"ነጂማ፣ ሽንኩርት ትጠብሻለሽ?"

"አዎ።"

"በየቀኑ?"

"ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ አለ?"

አሰቡ፣ አሰቡና፣ "ማክሰኞና አርብ ይሁን" አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ በእኔ ቤት ወጥ የሚሠራው ማክሰኞና አርብ ነው። ለጎረቤት ደግሞ አንድ ቀን ፈጢራ ሠርቼ በትኩሱ ይዤ ባንኳኳ፣ ሰውየው በሩን በግማሽ ከፍቶ "አፍስፕራክ ነበረን?" አለኝ። ቀጠሮ ነበረን ወይ ማለቱ ነው። ጭሮ ላይ ቀጠሮ የሚያዘው ከጥርስ ሐኪም ጋር ነው። ፈጢራውን ግን ተቀበለኝ፣ ሳህኑንም በሳምንቱ ታጥቦ ባዶውን መለሰልኝ። ባዶ ሳህን ሲመለስልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የዚህ አገር ጠዋት ግን ያባብለኛል። ጉም ሲሆን በብስክሌት ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ምንም አይታይም፤ ጉሙ ውስጥ የት እንዳለሁ እረሳለሁ። እዚያ ማዶ የጭሮ ተራሮች አሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ጉሙ ሲነሳ ይወጣሉ እላለሁ። ከኋላዬ የሆነ ሰው ሆጃ የሚያፈላ ይመስለኛል፤ የቡና ገለባውና የወተቱ ሽታ ይመጣልኛል። ከዚያ ጉሙ ይነሳል። ማዶ ሜዳ ነው። ከሜዳው ማዶም ሜዳ ነው። አንዲት ላም ቆማ ታየኛለች። እኔም አያታለሁ፣ ከዚያ መንገዴን እቀጥላለሁ። ይህ ባይኖር ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጄን ለማምጣት ማመልከቻ ሳስገባ የአንድ ዓመት የሥራ ውል አምጪ አሉኝ። ያለ ውል ልጅ የለም። የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ ሥራ ፍለጋ ልትረዳኝ የሕይወት ታሪኬን በኮምፒውተር መሙላት ጀመረች።

"ከአስራ አራት ዓመትሽ እስከ ሃያ ሦስት ባዶ ነው። ምን ትሠሪ ነበር?"

"ሥራ።"

"የምን ሥራ?"

"ቅጠል።"

"የምን ቅጠል?"

አፌን ስከፍት ሰዓቷን አየች። "ጊዜያችን አለቀ፤ በሚቀጥለው ጽፈሽ አምጪ" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ለሚቀጥለው ተላለፈ።

ከተማችን ውስጥ ከሚል የሚባል የገለምሶ ልጅ አለ። ሥራው ዕቃ ማድረስ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ኢንተርቪው ላለበት ስደተኛ ሁሉ አስጠኚ ነው። ሲናገር ግማሹ አማርኛ ግማሹ ኦሮምኛ ነው፣ ሲቆጣ ሆላንድኛ ይጨመርበታል። ሄጄ ነገርኩት።

"አቦ ነጂማ፣ ጫት ካልሽ አለቀልሽ" አለኝ። "እዚህ አገር ጫትን ከዚያ ከነጩ ዱቄት ጋር ነው የሚመዘግቡት።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ሻይ ቅጠል። ቅጠል አልለቀምሽም?"

"ለቅሜያለሁ።"

"እኮ! ወላሂ ግማሹ እውነት ነው።"

"ግማሹስ?"

"ግማሹን አላህ ይምራል። ቶሌ፣ ጻፊ።"

ቶሌ እሺ ማለት ነው። ጻፍኩ። ዘጠኝ ዓመት፣ ሻይ ቅጠል ለቃሚ። እጄ ሲጽፍ ጭሮ ላይ አንድም የሻይ ተክል አለመኖሩ ትዝ አለኝ። ከሚል ሌላም ሌላም አስጠናኝ። ድክመትሽ ምንድን ነው ካሉሽ "ሥራ ጀምሬ ማቆም አልችልም" በይ። ዓይናቸውን እዪ፤ እኛ አገር ነውር ነው፣ እዚህ ካላየሽ ሌባ ነሽ። ደግሞ ልጅ አለኝ እንዳትይ፤ ልጇ በታመመ ቁጥር ትቀራለች ይላሉ። ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። በሕልሜ ሳይቀር እመልሳለሁ፤ ሕልሜ ውስጥ ግን የሚጠይቁኝ አዴ ዘይነባ ናቸው፣ እኔም "ሻይ ነው" ስላቸው ዙርባውን አንስተው መፍታት ይጀምራሉ።

የተጠራሁት አበባ እየታሰረ ወደየሱቁ የሚላክበት ትልቅ አዳራሽ ነው። በር ላይ የተደረደሩትን ካርቶኖች አየሁ። አንዱ ላይ ኢትዮጵያ የሚል ተጽፎበታል። ጽጌረዳ ነው። ቆሜ አየሁት። እሱ ማንም ሳይጠይቀው በአንድ ቀን ገብቷል።

ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ሊስ የምትባል ኮምፒውተር የያዘች ልጅ ናት፤ ሌላው ሄንክ የሚባሉ የአዳራሹ አለቃ፣ ጡረታ የደረሱ፣ እጃቸው እንደ አካፋ ሰፊ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ዝም ብለው ይሰማሉ። ሊስ ጀመረች።

"ከሌሎቹ አመልካቾች ይልቅ አንቺን ለምን እንውሰድ?"

ይህንን ከሚል አላስጠናኝም። "ሌሎቹን አላውቃቸውም" አልኳት። "እዚያ ውጭ የተቀመጠችው ልጅ ግን ጥሩ ትመስላለች።"

ሊስ ቀና ብላ አየችኝ። "ድክመትሽ ምንድን ነው?"

ይችኛዋን አውቃታለሁ። "ሥራ ጀምሬ ማቆም አልችልም።"

"ዛሬ ይህን ስትነግሪኝ ስድስተኛዋ ነሽ" አለችና ጻፈች። "ዘጠኝ ዓመት ሻይ ለቅመሻል ይላል። ከባድ ነው?"

"አዎ፣ ከባድ ነው።" ዓይኗን አየሁ፣ እንደተባልኩት። ዓይኗ ሰማያዊ ነው፣ ምንም አይልም።

"እስቲ እጅሽን እንየው" ያሉት ሄንክ ናቸው፤ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር። ወደ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ወሰዱኝ። ጽጌረዳ፣ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል፣ ገመድ፣ የውሃ ባልዲ አለ። "አስር፣ አስር እያደረግሽ እሰሪ" አሉኝ፤ አስሩንም ጣቶቻቸውን አሳዩኝ።

ያዝኩ። የመጀመሪያዋን በጣም ተጠንቅቄ አሰርኩ። ሁለተኛዋ ላይ ገመዱ ረጠበ። ሦስተኛዋ ላይ የታችኛውን ቅጠል በአውራ ጣቴ ጥፍር ስልጥ፣ ያ የአረንጓዴ ሽታ፣ የተቆረጠ ቅጠል እርጥብ ሽታ መጣብኝ። ከዚያ በኋላ የት እንደነበርኩ አትጠይቁኝ። በረንዳው ላይ ነኝ። ከጎኔ ሴቶቹ ያወራሉ፣ አንዷ ስለ ባሏ ታማርራለች፣ ሌላዋ ታስቃለች፤ መንገድ ላይ ከበደሳ የመጣ ኢሱዙ ክላክስ ያደርጋል፤ ሒክማ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፣ ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀኛል። እጄ ራሱ ይሠራል። ልቀሙ፣ አስተካክሉ፣ ጠቅልሉ፣ እሰሩ፣ አርከፍክፉ። ደስ ብሎኝ ነበር። ስደት ከወጣሁ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሊስ ክንዴን ስትነካኝ ቀና አልኩ። ጠረጴዛው ሞልቷል። ከሦስተኛው በኋላ ያለው ሁሉ፣ ከአበባው በታች ያለው አካሉ በሰፋፊው ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በገመድ ሁለት ዙር ታስሮ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት ተደርድሯል። የጽጌረዳ ዙርባ ነበር።

ሊስ አንዱን አንስታ ቆጠረች። ሌላም ቆጠረች። "አስራ አንድ ነው። ሁሉም አስራ አንድ ነው። አስር ነው ያልንሽ።"

"አስር ነው" አልኩ ሳላስበው። "አንዷ ምርቃት ናት።"

ቃሉን በሆላንድኛ አጣሁት። "ለሚገዛው ሰው… ሳይጠይቅ… ደስ እንዲለው" አልኩ። ሊስ በጠረጴዛው ላይ ያለውን አስራ አንደኛ አበባ ሁሉ በዓይኗ ስትደምር አየኋት። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

ሄንክ አልቆጠሩም። አንዱን እጃቸው ላይ ገልበጥ አድርገው ቅጠሉ የታጠፈበትን፣ ገመዱ የተቋጠረበትን ሲያዩ ቆዩ።

"እዚህ ከመምጣቴ በፊት" አሉ፣ "ከአውሮፕላን ጭነት አወርድ ነበር፣ ብዙ ዓመት። እንደዚህ የታሰረ ነገር በካርቶን ካርቶን ይመጣ ነበር፣ ሳይከለከል በፊት። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ሻይ አይታሰርም። ምን ነበር የምትሠሪው?"

ከሚል ያስጠናኝ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። ሒክማ ናት ፊቴ የመጣችው። እውነቱን ብናገር ውሉ ቀረ፣ ውሉ ከቀረ ልጄ ቀረች። አይ ሻይ ነው ብዬ ብደርቅ ደግሞ ሽማግሌው ቋጠሮውን ይዘውታል።  እሳቸውም አላጣደፉኝም። ያኔ ሳላስበው እጄ ሄዶ ዙርባውን ከእጃቸው ላይ ወሰደው።

"ጫት ነው" አልኩ። "ወረቀቱ ላይ ያለው ሻይ ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልጻፈልኝም። እኔ አገር ጫት ሥራ ነው፤ አይደበቅም። ዘጠኝ ዓመት ለቅሜያለሁ፣ አስሬያለሁ። እዚህ መከልከሉን አውቃለሁ፣ እዚህ በእጄ አልነካሁትም። ፈርቼ ነው የዋሸሁት።" ከዚያ ልጡን፣ ገመዱን ማለቴ ነው፣ ፈታሁትና አበባውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መሐል ያለውን ለይቼ አሳየኋቸው። "ይዩት። ውስጡም እንደ ውጭው ነው። ሌላውንም ይፍቱት።"

ሄንክ ሌላ አንስተው ፈቱ። ሌላም ፈቱ። የተሰበረ፣ የጠወለገ አንድም የለበትም።

ሊስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማመልከቻ ላይ የዋሸ ሰው በደንባችን…" ብላ ጀመረች።

"ለምን አሁን ነገርሽን?" አሉ ሄንክ። "ሻይ ነው ብለሽ ብትሄጂ ማን ያረጋግጥብሽ ነበር?"

"ስለጠየቁኝ" አልኩ። እውነቴን ነው። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ስለ ወረቀቴ እንጂ ስለ እጄ የጠየቀኝ ሰው የለም።

"እንደውልልሻለን" አለችኝ ሊስ። ይህቺን ቃል ስደተኛ ሁሉ ያውቃታል። እኛ አገር ሰው ሊያሰናብትህ ሲፈልግ "ኢንሻአላህ" ይልሃል፣ ቢያንስ ፈጣሪን ይጠራል።

ለከሚል ስነግረው ራሱን ያዘ። "አቦ፣ እኔ ሻይ አልኩሽ፣ አንቺ ዙርባ አሰርሽላቸው?" አለ። ከዚያ ሳቀ። "አስራ አንድ ነው ያደረግሽው?" አለኝ ቆይቶ። "እናቴም ገለምሶ ላይ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።" ከዚያ ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዤው እገባለሁ። ወይዘሮ ሪያ ነገሩን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ረቡዕ ዕለት ሽንኩርት ስጠብስ አይተው እንዳላየ አለፉ። በአስራ አምስተኛው ቀን ተደወለ። ሄንክ ናቸው። በተቆራረጠ ንግግር፣ የአንድ ዓመት ውል፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሥራ ጫማ ይዘሽ ነይ አሉኝ። "አንድ ነገር ግን" አሉ፣ "አስር ማለት አስር ነው።"

"እሺ" አልኩ። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ልጮህ ፈለግሁ፣ ከታች ወይዘሮ ሪያ አሉ። ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ።

አሁን ስድስት ወሬ ነው። እጄ አንዳንዴ አስራ አንድ ሲል ሄንክ አጠገቤ መጥተው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እኔም አንዷን እመዛለሁ። የተመዘዘችውን አይጥሏትም፤ የተሰበረ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጧትና አርብ ማታ ለእኔው ይሰጡኛል። አበቦቹ አሁን የወይዘሮ ሪያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ውሉንም ወስጄ ለማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ ሰጠሁ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ ልጅቷ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀርባ ትጠየቃለች ይላል። ከእናትየዋ ጋር ያላት ዝምድና ይጣራል ይላል።

ከሚል ደብዳቤውን አንብቦ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። "ልጅቷን አስጠኛት" አለኝ። "እናትሽ ማን ናት ሲሏት፣ 'እናቴ ነጂማ ናት፣ በጣም ትናፍቀኛለች' ትበል። ሌላውን ሁሉ ትተው። በስልክ አስር ጊዜ አስብያት፣ ትይዘዋለች።" በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ባለፈው እሁድ ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከኋላ የዝናብ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ይሰማኛል። እናቴ ስልኩን ለሒክማ ሰጠቻት። ዘጠኝ ዓመት አልፏታል፤ ድምፅዋ ከሳምንት ሳምንት ይለወጥብኛል።

"ነጂማ፣ ኤምባሲ ይጠይቁሻል አለችኝ እማ።"

"አዎ። አትፍሪ፣ ደጎች ናቸው።"

"ምን ይሉኛል?"

"ስምሽን፣ ክፍልሽን፣ ከማን ጋር እንደምትኖሪ።"

"እናትሽ ማን ናት ካሉኝስ?"

ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው። አነበብኩት። ማንበብ ብቻ ነበር የቀረኝ፣ አስር ጊዜ። ፊደሉን እያየሁ ግን አዴ ዘይነባ ከክምሩ መሐል አንዱን ሲመዙ ታየኝ። ኤምባሲው ይፈታዋል። እኔ እዚያ የለሁም። ልጄ ብቻዋን ናት።

"አንቺ ማን ትያቸዋለሽ?" አልኳት።

አሰበች። ዝናቡ ይሰማኛል።

"በይ ያልሽኝን እላለሁ" አለች።

ይህን ስትለኝ ወረቀቱን አጠፍኩት። "እውነቱን በያቸው፣ ሒክማዬ" አልኳት። "እኔ በይ የምልሽ የለም። እውነቱን ብቻ።"

"እሺ።" ከዚያ፣ "ግን እውነቱ የቱ ነው?"

ለሊስ መልሻለሁ፣ ለሄንክ መልሻለሁ፣ ለፖሊሱም መልሻለሁ። አፌን ከፈትኩ። የወለድኩሽ እኔ ነኝ ልላት ነበር፤ ያ ቀን መጣብኝ፣ በስድስት ተኩል ደብተሯን በደረቷ አቅፋ ከኬጂው በር ስትወጣ፣ ቆማ የጠበቀቻት እናቴ ናት። አንድም ቃል አልወጣኝም።

ጥቂት ጠበቀችኝ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ ስታደርገው ሰማሁ፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ጮክ ብላ ተጣራች።

"እማ፣ ነጂማ ዝም አለች።"